ሁለቱ መስመሮች

ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ከሌሊቱ 10 ሰዓት ሊሆን ሲል አልጋዬ ተወዛወዘ። አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም፣ 4ኛ ፎቅ። መጀመሪያ ሕልም መስሎኝ ነበር። ጎረቤቶቼ ልጆቻቸውን በብርድ ልብስ ጠቅልለው ደረጃውን ሲወርዱ ስሰማ ነው የገባኝ። መተሐራ ደወልኩ። እማዬ ወዲያው አነሳችው።

«ውጭ ነን» አለችኝ። «አንተስ? አሁንም ፎቅ ላይ ነህ? ውረድ እንጂ!»

መንቀጥቀጡ የተነሳው እሷ ካለችበት ብዙም ሳይርቅ ነው። እኔ ያለሁት 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቄ። እሷ ግን የምትፈራው ለእኔ ነበር።

ስምጥ ሸለቆን የማውቀው ከፈተና ነው። ተማሪ እያለሁ የአፍሪካን ካርታ በቀለም አሠርተውናል። ሰሃራ ቢጫ፣ የኮንጎ ተፋሰስ ደማቅ አረንጓዴ፣ ሳህል በመሃል ቀጭን መቀነት፣ የኢትዮጵያ ደጋ ቡናማ። ስምጥ ሸለቆውን በእስክሪብቶ ሁለት መስመር አድርጌ ወደ ታች ጎተትኩት። 10 ከ10 አገኘሁ። ሁለቱ መስመሮች በቤታችን በኩል እንደሚያልፉ ግን ልብ አላልኩም። መተሐራ ውስጥ፣ ፈንታሌ ተራራን በመስኮት እያየሁ ነው እንግዲህ የሣልኩት።

ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ የማውቀውን ሠራሁ፤ ኮድ ጻፍኩ። የመሬት መንቀጥቀጥ መረጃ ለማንም ክፍት ነው። በአፍሪካ የተመዘገቡትን የ50 ዓመት መንቀጥቀጦች አወረድኩና እያንዳንዱን በነጭ ገጽ ላይ ነጥብ አደረግኩት። የአገር ድንበር የለም፣ ቀለም የለም፣ ነጥብ ብቻ።

ነጥቦቹ ራሳቸው ስምጥ ሸለቆውን ሣሉት። ከቀይ ባሕር ተነስተው አፋር ገቡ፣ በአዋሽ ሸለቆ አልፈው በሐይቆቹ በኩል ወደ ቱርካና ወረዱ። ከዚያ በታች ሁለት ክንፍ አለ፤ አንዱ በኬንያ ወደ ታንዛኒያ፣ ሌላው በታንጋኒካ ሐይቅ አድርጎ ወደ ማላዊና ሞዛምቢክ።

የገረመኝ ግን ባዶው ቦታ ነው። በትምህርት ቤቱ ካርታ ላይ ሰሃራና የኮንጎ ደን የማይገናኙ ዓለሞች ናቸው፤ አንዱ አሸዋ፣ አንዱ ዝናብ። በእኔ ካርታ ላይ ሁለቱም ባዶ ናቸው ማለት ይቻላል። ከሥራቸው ያለው አለት አሮጌና የረጋ ነው። ቀለሞቹ ከላይ የሚዘንበውን ነው የሚነግሩን። ነጥቦቹ ከሥር ያለውን ይነግራሉ።

ከእኛ ሥር ያለው ደግሞ አልረጋም። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ውስጥ የፈሰሰ ቅልጥ አለት ተደራርቦ ነው ደጋችን የተሠራው። መሬቱን ከፍ ያደረገው ያው ሙቀት መሃሉን ሰነጠቀው። ዛሬም ከስንጥቁ ምሥራቅ ያለው የአፍሪካ ክፍል በዓመት ጥቂት ሚሊ ሜትር ይርቃል፤ ጥፍር ከሚያድግበት ፍጥነት ያነሰ ነው። ችግሩ ሁልጊዜ ቀስ ብሎ አለመሄዱ ነው። መስከረም 1998 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ዳባሁ አጠገብ 60 ኪሎ ሜትር ያህል መሬት በቀናት ውስጥ ተከፈተ፤ አንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር ተራርቋል። ፈንታሌ አካባቢም መሬቱን ያናወጠው ከሥር መንገድ የሚፈልግ ቅልጥ አለት ነው።

በማግስቱ እማዬን ላመጣት ወረድኩ። ቢሾፍቱ፣ ሞጆ፣ አዳማ፣ ወለንጪቲ። የስልኬ ከፍታ መለኪያ ከ2,300 ሜትር ጀምሮ መተሐራ ስደርስ 950 አካባቢ ቆመ። በየዓመቱ የምመላለስበት መንገድ ነው፤ ቢሾፍቱ ሐይቆች በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ ጉድጓድ ውስጥ እንደተኙ ያስታወስኩት ግን ያን ቀን ነው። መተሐራ መግቢያ ላይ ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ከዚያ በሰቃ ሐይቅ። የዛሬ 60 ዓመት ገደማ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነበር፤ አሁን ከ40 አልፏል።

እማዬ አልጋዋን ግቢው ውስጥ፣ ኒም ዛፉ ሥር አውጥታዋለች። ቤቱን አየሁት።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልናገር። ያን ቤት ያሠራሁት እኔ ነኝ። ሥራ በያዝኩ በሁለተኛው ዓመት የጭቃ ቤቷን አስፈርሼ በብሎኬት አሠራሁላት። ኩራቴ ነበር፤ ፎቶውን ለሰው ሁሉ አሳይቻለሁ። አሁን ከመስኮቱ ጥግ እስከ ጣሪያው ድረስ ተሰንጥቋል፤ እጄ ይገባል። ጓሮ ያላፈረስነው የጭቃ ማድ ቤት ግን እንዳለ ቆሟል። እንጨቱ ሲወዛወዝ አብሮ ይተጣጠፋል። የእኔ ብሎኬት ጥግ ላይ ኮለን የለውም፣ ከላይ የሚያስረው ቢም የለውም፣ ፌሮ የሚባል ነገር አልገባበትም። ግንበኛውን የጠየቅሁት «ስንት ይፈጃል?» ብዬ ብቻ ነው። ኢንጂነሪንግ የተመረቀ ሰው!

እማዬ እዚያ ውስጥ ተኝታ ቢሆን ብዬ ማሰቡን አልጨረስኩትም።

«እንሂድ» አልኳት።

«አንተስ ጋ አልተንቀጠቀጠም? እኔ ቢያንስ መሬት ላይ ነኝ።»

ላፕቶፔን ከፍቼ ነጥቦቹን አሳየኋት። መነጽሯን አስተካክላ ብዙ ጊዜ አየች።

«የእኛ የቱ ነው?»

ጠቆምኩላት። ነጥቦቹ እዚያ ተደራርበው ጥቁር ሆነዋል።

«እንግዲህ እዚያ ላይ ነው የወለድኩህ» አለች። ቀጥላም፣ «አዋሽም እዚያው ነው፣ ፍልውሃውም እዚያው ነው። ይህን ሁሉ ትቼ የት ልሂድ?»

መልስ አልነበረኝም። እውነቷን ነው። ከደጋው የሚወርደው አዋሽ ባሕር ሳይደርስ የሚቀረው ስንጥቁ ስለያዘው ነው፤ ከተማዋም በዚያ ውሃ ነው የምትኖረው።

ለገና አብራኝ ወጣች። መሬቱ ረጋ ሲል፣ ከብዙ ክርክር በኋላ ተመለሰች። እኔም ቤቱን እንደገና ማሠራት ጀመርኩ፤ አንድ ክፍል ቀንሼ፣ በአራቱም ጥግ ኮለን፣ ዙሪያውን ቢም፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። ፌሮው ሲታሰር አጠገቡ ቆሜ ቆጠርኩት። ግንበኛው «ለአንድ ክፍል ቤት ይሄ ሁሉ ብረት?» ብሎ ሳቀብኝ።

ኮዴ አሁንም ይሠራል። አዲስ ነጥብ ሲመጣ ስልኬ ይጮሃል፣ እደውላለሁ። እማዬ ሰላም እንኳ ሳትለኝ፣ «ዛሬ ስንት ነው?» ትለኛለች።