ባዶ ምጣድ

ስደት ሰውን ከብዙ ነገር ያራቁተዋል፤ ከጥያቄ ግን አያሳርፈውም። እኛ በአንድ ጣሪያ ሥር የምንኖር አራት ኢትዮጵያውያን ይህን ይበልጥ የተረዳነው በግሮቭ ሲቲ ነው። ግሮቭ ሲቲ ከኦሃዮ ዋና ከተማ ከኮሎምበስ በስተ ደቡብ ምዕራብ የምትገኝ፣ ቁጥር 71 የተባለው አውራ ጎዳና የሚያልፍባት፣ የእርሻ ማሳና ታላላቅ የዕቃ መጋዘኖች የተጎራበቱባት ከተማ ናት። እዚህ የሠፈርነው የቤት ኪራዩ ከመሐል ከተማው ስለሚሻልና ሥራውም ቅርብ ስለሆነ ነው። ሁለታችን ሌሊቱን በመጋዘን የጭነት መኪና ስንጭን እናድራለን። ሦስተኛው የሒሳብ አያያዝ ይማራል። አራተኛው ጓዳችን በኮሎምበስ ከሚገኙት ዩኒቨርሲቲዎች በአንዱ መካኒካል ምሕንድስና ያጠናል። ማለዳ፣ የሌሊት ሠራተኞቹ ስንገባና ተማሪዎቹ ስንወጣ፣ በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ዙሪያ እንገናኛለን። ክርክራችን ሁሉ የሚካሄደው በዚያች ሰዓት ነው፤ ይህም ጽሑፍ ከዚያች ጠረጴዛ የተነሣ ነው።

አንድ ማለዳ ምሕንድስና የሚማረው ጓዳችን፣ የክፍል ሥራውን የሚያሰላው በኦሃዮ ሱፐርኮምፒዩተር ማዕከል መሆኑን ነገረን። «ማሽኑ የማን ነው?» አልነው። «የመንግሥት» አለን። ይህ ቃል በእኛ ጆሮ የሚያስተጋባው ሌላ ነው፤ አጥር፣ ዘበኛ፣ የይለፍ ወረቀት። ስለዚህ «ታዲያ አንተን ማን አስገባህ?» ብለን ጠየቅነው። እርሱም ሣቀና፣ የግዛቲቱ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሁሉ በመምህሩ በኩል እንደሚገባ፣ ለክፍል ትምህርት የሚሆነው ስሌትም ያለ ክፍያ እንደሚሠራ አስረዳን። አላመንነውም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን የዚህን ማሽን ታሪክ እየጠየቅን አጠናን፤ ዘመኑን ሁሉ የምንጽፈውም እንደ ኤውሮጳውያን አቆጣጠር ነው።

ማዕከሉ የተቋቋመው በ1987 በኦሃዮ የከፍተኛ ትምህርት ቦርድ ነው። ከዚያ 10 ዓመት አስቀድሞ፣ በመስከረም 1977፣ በዚሁ ግዛት በያንግስታውን ከተማ አንድ ታላቅ የብረት ፋብሪካ ሊዘጋ መሆኑ በድንገት ታውጆ 5,000 ያህል ሠራተኞች እንጀራቸውን አጥተው ነበር። ሌሎችም ፋብሪካዎች ተከትለውት ተዘጉ። እንግዲህ ማዕከሉ የተወለደው የኦሃዮ ሠራተኛ የሚመካበት ኢንዱስትሪ በሚንቀጠቀጥበት ዘመን ነው። የመጀመሪያው መሣሪያ ክሬይ ኤክስ ኤምፒ ይባል ነበር፤ በ1989 ክሬይ ዋይ ኤምፒ ተከተለው።

በኋላ ማሽኖቹን በሰው ስም መጥራት ልማድ ሆነ። ግሌን በ1962 ምድርን በጠፈር የዞረው የጆን ግሌን ስም ነው፤ ኦክሊ የዒላማ ተኳሿ የአኒ ኦክሊ፤ ሩቢ የተዋናይቱ የሩቢ ዲ። ፒትዘር ማዕከሉን ከመሠረቱት አንዱ የሆኑት የኬሚስትሪ ሊቅ የረስል ፒትዘር መታሰቢያ ነው። በ2016 የተተከለውና ዛሬ አገልግሎቱን ጨርሶ የተነሣው ማሽን ደግሞ ኦወንስ ተብሎ ነበር። ይኸውም በ1936 በበርሊን ሂትለር እያየ አራት የወርቅ ሜዳሊያ ያገኘው፣ በኦሃዮ የተማረው ጥቁር ሯጭ ጄሲ ኦወንስ ነው። ስሙን ስንሰማ በ1960 በሮም በባዶ እግሩ የሮጠው አበበ ቢቂላ ትዝ አለን። እኛ ለሯጫችን ስታዲየም ሰየምንለት፤ እነዚህ ለሯጫቸው ከ23,000 በላይ የስሌት እምብርቶች ያሉት ማሽን ሰየሙለት።

ይሁን እንጂ ከማሽኖቹ ስምና ፍጥነት ይልቅ የገረመን ሌላ ነገር ነው። ታላላቅ ኩባንያዎች የራሳቸውን ማሽንና የራሳቸውን የሒሳብ ሊቅ መቅጠር ይችላሉ። 30 ወይም 40 ሠራተኛ ያለው የብረታ ብረት ወርክሾፕ ግን አይችልም። ማዕከሉ በ2004 «የሰማያዊ ኮሌታ ስሌት» የተባለ ዕቅድ አወጣ። ሰማያዊ ኮሌታ በዚህ አገር የላብ አደሩ መለያ ነው። ከዕቅዱ ፍሬዎች አንዱ ከማዕከሉ ጎረቤት ከሆነው ከኤዲሰን የብየዳ ተቋም ጋር የተሠራው ነው። በያጁ የብረቱን ዓይነት፣ ውፍረቱንና የሚጠቀምበትን የኤሌክትሪክ ኃይል ራሱ በሚያውቀው ቋንቋ ይሞላል። ከባዱን ሒሳብ ማሽኑ ከበስተጀርባ ይሠራዋል፤ ከዚያም ሙቀቱ በብረቱ ውስጥ እንዴት እንደሚሰራጭ፣ ብረቱም ወዴት እንደሚጣመም ለበያጁ ይመልስለታል። በያጁ ሒሳቡን አያውቅም፤ ብየዳውን ግን ከማሽኑ አስበልጦ ያውቃል። ማዕከሉ የሠራው ሥራ ለሁለቱ መገናኛ በር መክፈት ነው።

ዓለም ይህን መንገድ በየአቅጣጫው ሞክሮታል። በጀርመን የሽቱትጋርት ማዕከል ከ1996 ጀምሮ ከዩኒቨርሲቲው ሌላ የአውቶሞቢል ኢንዱስትሪውን አገልግሏል፤ በሩሲያም የሞስኮ ዩኒቨርሲቲ በ2009 ሎሞኖሶቭ የተባለውን ማሽን ተክሏል። ማሽን መግዛት ገንዘብ ላለው መንግሥት ቀላሉ ነገር ነው። ከባዱ በሩን መክፈት ነው።

በኦሃዮ ከተከፈቱት በሮች አንዱ የእኛንም ሕይወት የሚነካ ሆኖ አገኘነው። የጭነት መኪና በአውራ ጎዳና ላይ ሲገሠግሥ ከሞተሩ ጉልበት ግማሽ ያህሉ የሚያልቀው ነፋሱን ለመሰንጠቅ ነው። የማዕከሉ ተከታይ ዕቅድ የሆነው አውሲም፣ ይህን ነፋስ ለመቀነስ በመኪናው ላይ የሚገጠመው ነገር ከመሠራቱ በፊት በስሌት እንዲፈተን አመቻችቷል። ሁለታችን በየሌሊቱ የምንጭናቸው ተሳቢዎች በጎናቸው፣ በፊትና በኋላ ጎማዎቻቸው መካከል፣ ወደ መሬት የወረደ ረጅም ሳንቃ አላቸው። ለስንት ጊዜ በትከሻችን ታክከነው አልፈናል! ይህ ሳንቃ የስሌት ልጅ መሆኑን የሰማነው ግን በዚያች የማለዳ ጠረጴዛ ነው። አንዱ ወንድም የሚያሰላውን ሌላው ወንድም ይጭነዋል ማለት ነው፤ ሁለቱም አያውቁም ነበር።

አሁን ወደ ምጣዱ እንመለስ። መምህሩ ሙቀት የሚተላለፍበት አንድ የቤት ዕቃ መርጣችሁ አስሉ ብሎ ባዘዘ ጊዜ ጓዳችን የኤሌክትሪክ ምጣድ መረጠ። ስፋቱ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ኃይሉ 3,500 ዋት አካባቢ፣ ገላው ሸክላ፣ በጀርባው በተቦረቦረው ቦይ የሚግል ሽቦ የተዘረጋበት። ምጣዱን በሐሳብ እጅግ ብዙ ጥቃቅን ቁራጮች አድርጎ ከፋፈለው። እያንዳንዷ ቁራጭ ከጎረቤቷ ሙቀት ትቀበላለች፤ ለጎረቤቷም ታቀብላለች። ማሽኑ ይህን መቀባበል በየቅጽበቱ ለሁሉም ያሰላል። ሥራው የሚገባው በወረፋ ነው፤ ከፊቱ የሞተር መሐንዲስ፣ ከኋላው የመድኃኒት ተመራማሪ ሊሆን ይችላል። ወረፋን እናውቃለን፤ የስኳር፣ የዘይት፣ የፓስፖርት ወረፋ አሳልፈናል። በዚህኛው ግን የማንም ዘመድ ከበስተጀርባ ሲገባ አላየንም።

ውጤቱ በቀለም ያማረ ሥዕል ሆኖ መጣ። ጠርዙ ብርቱካን፣ መሐሉ ደማቅ ቀይ፤ ሙቀቱም ከ400 ዲግሪ በላይ። ሁላችንም አደነቅን። ጓዳችን በኩራት ሥዕሉን ደሴ ላሉት እናቱ በስልክ ላከላቸው፤ ወዲያውም ደወለላቸው። እኛም በዙሪያው ቆመን ሰማን።

«ይኸን ያህል ከጋለ እንጀራው ያርራል እንጂ ዐይን አያወጣም» አሉ። «ለመሆኑ ልጄ፣ ሊጡን መቼ አፈሰስክበት?»

ጓዳችን ዝም አለ። ሸክላውን፣ ሽቦውን፣ አየሩን ሁሉ አስገብቷል፤ ሊጡን አላስገባም። አንድ ኪሎ ውኃ ከፈላ በኋላ ወደ እንፋሎት ለመለወጥ 2,260 ኪሎ ጁል ያህል ሙቀት ይጠጣል፤ ይህን ከማናችንም ይልቅ እርሱ ያውቀዋል። ግን እንጀራ ሲጋገር ይበላል እንጂ አጠገቡ ቆሞ አያውቅም።

«እማዬ፣ ረሳሁት» አለ።

«እንግዲያ ባዶ ምጣድ ነዋ የጣድከው! ባዶ ምጣድ ሲግል የጎመን ዘሩ ይጨሳል እንጂ እንጀራ አይወጣውም። አይዞህ፤ የመጀመሪያዋ ማሟሻ ናት።»

ከዚያም ግማሽ ሰዓት ያህል አስተማሩት። ሊጡ ከዳር ወደ መሐል እንዴት እንደሚዞር፣ ዐይኑ ሲወጣ አክንባሎው መቼ እንደሚከደን፣ እንፋሎቱ ታፍኖ ላዩን እንዴት እንደሚያበስል፣ አንዱ በሰፌድ ከተነሣ በኋላ ምጣዱ ሙቀቱን እስኪመልስ ምን ያህል እንደሚታገሡት። እርሱም እንደ ክፍል ተማሪ ይጽፍ ነበር። ስሌቱን እንደገና ሠርቶ ሲያስገባ ሥዕሉ ቀዘቀዘ፤ ቁጥሩም ምጣድ የሚያውቅ ሰው የሚያምነው ሆነ። አንድ ነገርም ገለጠ፤ ሸክላውን መጀመሪያ ለማጋል የሚወጣውና ከሥሩ የሚያመልጠው ሙቀት ቀላል አለመሆኑን። ይህን በደስታ ሲነግራቸው እናቱ «ለዚያ አይደል የሳምንቱን አንድ ጊዜ የምጋግረው?» አሉት።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ከዚህ ታሪክ የወሰድነው ትምህርት ማሽን ከንቱ ነው የሚል አይደለም፤ እናቶች መሐንዲስ አያስፈልጋቸውም የሚልም አይደለም። ከምጣዱ ሥር የሚያመልጠውን ሙቀት መጠን እናቱ ሊለኩት አይችሉም፤ ማሽኑ ለካው። ማሽኑ ግን ያልተነገረውን አያውቅም፤ ባዶውን ምጣድ ያለ አንዳች ስሕተት አስልቶ አመጣው። ስለዚህ ጥያቄው፣ ማሽኑ ምን ያህል ፈጣን ነው የሚለው ብቻ ሊሆን አይችልም። በማሽኑ ፊት የሚቀርበው የማን ጥያቄ ነው? ሊጡን የሚያውቀው ሰውስ በዚያ ጥያቄ ውስጥ ድምፅ አለውን?

ይህ ጥያቄ ከቤታችን ሳይወጣ ፈተነን። ጓዳችን የመመረቂያ ጥናቱን ርእስ የሚመርጥበት ጊዜ ደረሰ። ለጭነት መኪናው የነፋስ ጥናት ደመወዝ የሚከፍል ነበር፤ ለምጣዱ የሚከፍል አልነበረም። የትምህርት ክፍያ አለበት፤ ትምህርቱን ካቋረጠ በዚህ አገር የመቀመጥ ፈቃዱም ይቋረጣል፤ ወደ አገር ቤት መመለሻ ደግሞ የለውም። ሦስት ማለዳ ተከራከርን። አንዳችን «ከዳህ» እስከማለት ደረስን፤ ኋላም ይቅርታ ጠየቅነው። መኪናውን መረጠ። አልፈረድንበትም። ነገር ግን ማሽኑ የሕዝብ ቢሆንም፣ በሩ ክፍት ቢሆንም፣ ጥያቄውን የሚመርጠው አብዛኛውን ጊዜ ከፋዩ መሆኑን ከእርሱ ዕጣ ተማርን።

ከእኛ በፊት የነበረው የተማሪ ትውልድ በ1965 በአዲስ አበባ አደባባይ ወጥቶ «መሬት ለአራሹ» ብሎ ነበር። የመሬቱን ባለቤት ጠየቀ። እኛ ዛሬ ልንጠይቅ የሚገባን፣ ስሌትስ ለማን የሚለውን ነው። ጥያቄው የሩቅ አገር ጥያቄ እንዳይመስለን። ከ2022 ወዲህ ቢትኮይን የተባለውን ገንዘብ የሚያሰሉ ማሽኖች፣ አብዛኞቹ ከቻይና በመጡ ኩባንያዎች እየተተከሉ፣ ከኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ ኃይል ይገዛሉ። ሥራቸው ትክክለኛው ቁጥር እስኪገኝ ያለማቋረጥ መገመት ነው። ለአገሪቱ የውጭ ምንዛሪ ያስገኛሉ፤ ይህን አንክድም። ግን ድልድያችን ምን ያህል ክብደት እንደሚሸከም፣ ወንዛችን ሲሞላ የትኛውን መንደር እንደሚያጥለቀልቅ፣ ምጣዳችን ሙቀቱን የት እንደሚጥል አያሰሉም። ሕዝቡ ከኪሱ አዋጥቶ የገነባው፣ በ2025 የተመረቀውና 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ኃይል ይሰጣል። ግማሽ ያህሉ ሕዝባችን ገና መብራት ሳያገኝ፣ ለማናውቀው ሰው ቁጥር የሚገምት ማሽን ሌት ተቀን ሲግል ስናስብ፣ የእናትዬዋ ቃል ይመጣብናል። በዓባይ ውኃ የተጣደ ባዶ ምጣድ ነው።

በስደት ያለን ተማሪዎች በየዩኒቨርሲቲያችን እንዲህ ያሉ በሮች ተከፍተውልናል። የመመረቂያችንን ርእስ መምረጥ ላንችል እንችላለን፤ ቢያንስ አንድ የክፍል ሥራ፣ አንድ የበጋ ዕረፍት ግን በእጃችን ነው። በዚያች ጊዜ የአገር ቤቱን ጥያቄ ወደ ማሽኑ እንውሰድ፤ ከመውሰዳችን በፊት ግን ነገሩን ለሚያውቁት ደውለን እንጠይቅ። በያጁ፣ ገበሬው፣ ጋጋሪዋ የሚነግሩን ነገር ከመጻሕፍታችን የጎደለው ሊሆን ይችላልና።

ጓዳችን የምጣዱን ስሌት አልጣለውም። የመኪናውን ሥራ ሲጨርስ፣ እሑድ እሑድ፣ ከምጣዱ ሥር ምን ቢነጠፍ ሙቀቱ እንደማያመልጥ ይሞክራል። ውጤቱ ሲወጣ መጀመሪያ የሚያሳየው ለመምህሩ አይደለም። ደሴ ይደውላል።