ኮተን ነን

አባቴ ኮተን ፋብሪካ ነበር የሚሠራው፣ ሽመና ክፍል። በልጅነቴ ድሬዳዋ ውስጥ አንድ ሰው «ኮተን ነኝ» ካለ እንጀራውንም ቡድኑንም ባንድ አፍ ተናግሮ ጨርሷል። «ሲሚንቶ ነኝ» ያለም እንደዚያው። የምድር ባቡር ሰዎች ብቻ ከሁላችንም በላይ ነን ባይ ነበሩ፤ ከተማዋን የቆረቆራት ባቡሩ ነዋ! በ1895 ዓ.ም. ሀዲዱ እዚህ ባይደርስ ኖሮ ከዚራ የሚባል ሰፈር፣ ለገሃር የሚባል አደባባይ አይኖርም ነበር። ይህን ማንም አይክዳቸውም። በኳስ ሲመጡብን ግን አፍ የሚያዘጋ መልስ ነበረን።

መልሱን በዓይኔ አላየሁትም፤ ከመወለዴ በፊት የሆነ ነው። ከአባቴ እየሰማሁ አደግሁ። ከ1952 እስከ 1957 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሻምፒዮና ዋንጫ ከድሬ አልወጣም፤ አራቱን ኮተን፣ የቀሩትን ሲሚንቶ ወሰዱ። የአፍሪካ ክለቦች ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲካሄድ፣ በ1957 ዓ.ም. አክራ ላይ ከተሰበሰቡት አራት የመጨረሻ ቡድኖች አንዱ ኮተን ነበር። በማሊው ስታድ ማሊየን 3 ለ 1 ተሸንፎ ነው የተመለሰው፤ አባቴ ግን ያን ሽንፈት ሲያወራው የሰማ ሰው ዋንጫውን ይዘው የመጡ ይመስለው ነበር። ከአክራ ወሬ ቀጥሎ ሉቺያኖ ቫሳሎ ይነሣል። የ1954ቱን የአፍሪካ ዋንጫ አምበል ሆኖ ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው ሉቺያኖ የኮተንን ማሊያ የለበሰ ሰው ነው። አባቴ ስሙን ሲጠራ ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር፣ የቤተ ዘመድ ሽማግሌ የሚጠራ ይመስል።

እኔ ራሴ ያየሁት የሚጀምረው በ1968 ዓ.ም. የካቲት ላይ ነው። የአፍሪካ ዋንጫ ወደ ኢትዮጵያ መጣና አንዱ ምድብ ለአዲስ አበባ፣ አንዱ ለድሬዳዋ ተሰጠ። ለእኛ የደረሱን ሞሮኮ፣ ናይጄሪያ፣ ሱዳንና ዛየር ነበሩ። ዛየር የዋንጫው ባለቤት ናት፤ ከሁለት ዓመት በፊት ጀርመን ድረስ ሄዳ የዓለም ዋንጫ የተጫወተች። እኛ የሰፈር ልጆች በዩጎዝላቪያ 9 ለ 0 መሸነፏን ብንሰማም አላመንንም። ዛየሮቹን በአካል ስናይማ ጭራሽ አላመንንም፤ ግዙፎች ነበሩ።

ቲኬት የሚገዛ ገንዘብ አልነበረንም። መላው ግን የታወቀ ነው፤ በሩ አጠገብ ትቆምና ቲኬት የያዘ ትልቅ ሰው ሲመጣ «ጋሼ፣ ያስገቡኝ» ትለዋለህ። እጅህን ይይዝና ልጄ ነው ብሎ ያስገባሃል። የማላውቃቸው አባቶች ብዙ ነበሩኝ በዚያ ሰሞን። አንዱ ሱማሌ ነበር፣ ሽርጥ የታጠቀ፣ አማርኛው እምብዛም፤ ውስጥ ከገባን በኋላም እጄን አልለቀቀውም። ለውዝ ገዛልኝ፤ ናይጄሪያ ዛየርን 4 ለ 2 ስታሸንፍ በየጎሉ ጭንቅላቴን በመዳፉ ይመታኝ ነበር።

የመጋላ ሰፈር ዓረቦች በሞሮኮና በሱዳን መካከል ተከፋፍለው ነበር። ሁለቱ 2 ለ 2 ሲወጡ ማንም ከማንም ሳይኳረፍ ወደ ቤቱ ገባ። የሞሮኮውን አህመድ ፋራስን አስታውሳለሁ፤ ያን ጊዜ የአፍሪካ ኮከብ ተብሎ የተመረጠ ነው፤ ሩጫው ሩጫ አይመስልም ነበር። ዛየር አንድም ጨዋታ ሳታሸንፍ ተሰናበተች። ሞሮኮና ናይጄሪያ ወደ አዲስ አበባ አለፉ፤ ዋንጫውንም ሞሮኮ ወሰደች። የኛው ብሔራዊ ቡድን አዲስ አበባ ላይ ከምድቡ ሳያልፍ ቀረ። ይህን ሲሰሙ የድሬ ሰዎች ያሉት አንድ ነገር ነው፦ «አቦ፣ እዚህ ቢያጫውቷቸው ኖሮ!» እስከ ዛሬም የሚሉ አሉ። እኔም አንዱ ነኝ።

በማግሥቱ ዓመት የሱማሌ ጦርነት ከከተማዋ አፋፍ ደረሰ። ስለዚያ ሌላ ጊዜ።

ጦርነቱ ካለፈ በኋላ ያሉት የወጣትነቴ እሑዶች ናቸው ዛሬ ስለ ኳስ ሳስብ የሚመጡብኝ። ያን ጊዜ ኮተን በወረቀት ድሬዳዋ ጨርቃ ጨርቅ ሆኗል፤ በሰው አፍ ግን ያው ኮተን ነው። ተጫዋቾቹን እናውቃቸው ነበር። ማወቅ ስል በፎቶ አይደለም። የመሐል ተከላካዩ ከአባቴ ጋር አንድ ፈረቃ ይሠራል፤ የክንፉ ልጅ እህት ከእኔ ጋር አንድ ክፍል ትማራለች። በረኛው አጉል ጎል የገባበት እሑድ ከሆነ ሰኞ ጠዋት እናቱ ቀፊራ ገበያ ወርደው ቲማቲም መግዛት አይችሉም ነበር፤ ሻጮቹ ሁሉ «ምን ሆኖ ነው ልጅዎት?» ይሏቸዋል። ስድቡም በአራት ቋንቋ ነው፤ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሱማልኛ፣ በዓረብኛ። የተሰዳቢው አክስት አጠገብህ ተቀምጣ ሊሆን ስለሚችል ግን ልክ ነበረው።

ሙቀቱን የማያውቅ ሰው የድሬን ደጋፊ አያውቅም። ከሰዓት በኋላ ያ ሲሚንቶ መቀመጫ ይፋጃል። ሰው ካርቶን ይዞ ይመጣል፣ ሽርጡን አጥፎ ያነጥፋል፣ ፎጣ በውሃ ነክሮ ራሱ ላይ ይጥላል። ጥላ ፎቅ የሚቀመጡት አለቆችና ነጋዴዎች ናቸው። ሳምቡሳ የሚሸጡ ሴቶች፣ ቀዝቃዛ ውሃ በባልዲ የሚያዞሩ ልጆች፣ ለውዝና ቆሎ። ቡድኑ ወጥቶ ሲጫወት ደግሞ በጅቡቲ በኩል በገባ ትንሽ ራዲዮ ዙሪያ እንሰበሰባለን። የኳስ ዘጋቢው ደምሴ ዳምጤ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ትንፋሻችንን እንይዛለን።

ያ ትስስር መቼ እንደላላ አንድ ቀን ቆርጬ መናገር አልችልም። የማውቀው መጀመሪያ የላላው ሥራው መሆኑን ነው። አባቴ ጡረታ ሲወጣ ፈረቃው ሳስቶ ነበር። ከዚያ የፋብሪካው ነገር እየወደቀ እየተነሣ ሄደ። ባቡሩም ቀስ በቀስ ሞተ፤ በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ከአዲስ አበባ የሚመጣው ጭራሽ ቀረ፣ ለገሃር ጣቢያ ፀጥ አለ። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ከከተማው ወጣ ብሎ ነው የሚቆመው፤ ፊሽካው እንኳ አይሰማንም። ሠራተኛ የሌለው ፋብሪካ የሠራተኛ ቡድን ሊኖረው አይችልም። ልጆቹ ወደ ንግዱ፣ ወደ ኮንትሮባንዱ፣ ወደ ባጃጁ ሄዱ።

በመካከሉ ደቻቱ መጣ። ደረቅ ሳለ የሁላችንም ሜዳ እሱ ነበር፤ አሸዋው ላይ ድንጋይ ለጎል አስቀምጠን ያደግንበት ወንዝ ነው። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ሞልቶ ከ250 በላይ ሰው ወሰደ። ከዚያ ሌሊት በኋላ የሰፈራችን እናቶች ልጆቻቸውን ወደዚያ አሸዋ አላስወርድ አሉ። ማን ይፈርድባቸዋል?

ድሬዳዋ ከተማ በ2008 ዓ.ም. ወደ ፕሪምየር ሊግ ሲመለስ ግን ስታዲየሙ እንደገና ሰው አየ። ብርቱካናማ ማሊያ፣ ከበሮ፣ የባጃጅ ጡሩምባ። የእኔ ዕድሜ ሰዎች እርስ በርስ እየተያየን ሳቅን፤ አለን ለካ! ቡድኑ ዋንጫ አላነሣም፤ እኛም የጠበቅነው ዋንጫ አልነበረም። በማግሥቱ ዓመት ሄድኩ፣ ከዚያም በሚቀጥለው። በየመስከረሙ ስም ዝርዝሩ ይለወጣል። ያጨበጨብኩለት አጥቂ በዓመቱ ሌላ ማሊያ ለብሶ ይመጣና ያገባብናል። የድሬ ልጅ ስንት አለ ብዬ ከአሰላለፉ ላይ እፈልጋለሁ፤ ባገኝም ጥቂት ነው።

በተጫዋቹ አልፈርድም፤ እግሩ እስከሚቆይ ነው የሚበላው። ክለቦቻችን አብዛኞቹ የሚተዳደሩት በከተማ አስተዳደር በጀት ነው። በጀቱ ለፊርማና ለደመወዝ ይሄዳል፤ ውሉ አጭር ነው። ነገሩ እየጦዘ ሄዶ በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ የወር ደመወዝ ጣሪያ 50 ሺህ ብር ይሁን ተብሎ ተወሰነ። እኔ የኮተንን ተጫዋች ደመወዝ አውቀው ነበር፣ ከአባቴ ደመወዝ ጋር አንድ ቀን ይከፈል ስለነበር። አሁን በጀት የሚመድበው አካል የሚፈልገው ቡድኑ እንዳይወርድ ነው፤ ከተማው ይምጣ አይምጣ ሒሳቡ ውስጥ የለም። የበሩ ገቢ ከበጀቱ ፊት ምንም ስላልሆነ ባዶ ወንበር የሚያስደነግጠው ሰው የለም።

ከዚያ ኮሮና መጣ፣ የ2012ቱ ውድድር ተሰረዘ። በ2013 ሊጉ ሲመለስ በዲኤስቲቪ የሚተላለፍ ሆኖ፣ ቡድኖቹ ሁሉ ባንድ ከተማ እየተሰበሰቡ የሚጫወቱበት ሆነ። አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ። ተራው ሲደርሰን የአገሩ ቡድን በሙሉ እዚህ ይከርማል፤ ሲያልፈን ደግሞ የራሳችንን ቡድን ለወራት አናየውም። ስርጭቱ ጥሩ ነው፣ ገንዘብም አምጥቷል፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ደጋፊ የሚሠራው በየሁለት እሑዱ መሄድ ነው። ልማዱ ከተቆረጠ በኋላ በጥሪ አይመለስም።

አንድ ከሰዓት ሳቢያን ሰፈር ውስጥ አንድ ዲኤስቲቪ ቤት ገባሁ። የድሬ ጨዋታ ነበር፣ ሐዋሳ ላይ። ዐሥር የማንሞላ ሰዎች ነን፤ ባለቤቱ ጀርባውን ለቴሌቪዥኑ ሰጥቶ ሒሳብ ይሠራል። የእንግሊዞቹ ሰዓት ሲደርስ የአርሰናልና የማንቼ ልጆች ተንጋግተው ገቡ። ከመካከላቸው አንዱ «ፋዘር፣ ቀይረው» አለ። ባለቤቱ ወደ እኔ አየ፤ ብቸኛው ሽማግሌ እኔ ነኝ።

«አባባ፣ ይቅርታ፤ ስንት ለስንት ነው?» አለኝ።

«አንድ ለዜሮ፣ እየመራን ነው» አልኩት።

«እንግዲያው ደህና ነን» ብሎ ቀየረው።

ልጆቹን ቀርቤ ብጠይቃቸው የአርሰናልን ተጠባባቂ በረኛ ሳይቀር በስም ጠሩልኝ። የድሬን በረኛ የሚያውቅ አልነበረም። አልተቆጣሁም፤ ከየት ያውቁታል? አብሯቸው አልተማረ፣ ባጃጃቸው ላይ አልተሳፈረ፣ እናቱ ቀፊራ አትወርድም።

ስታዲየሙን ያራቆተው ጫት ነው የሚሉ አሉ። በርጫው ከጨዋታው ሰዓት ጋር እየተጋጨ ነው ይላሉ። ይህን አልቀበልም። በእኛም ጊዜ በርጫ ነበረ፤ ሰው ቅጠሉን በጉንጩ ወጥሮ ነበር ስታዲየም የሚገባው፣ ምርቃናውም ለጩኸት ይረዳ ነበር። የእንግሊዝ ኳስ ነው የሚሉም ልክ ናቸው፣ ግን በግማሽ፤ ዲኤስቲቪ ቤቱ የሞላው ወንበሩን የሚሻማው የሰፈር ቡድን በሌለበት ነው። በርግጥ እኛ ያን ጊዜ ሌላ መዝናኛ አልነበረንም፤ ሲኒማና ኳስ ብቻ። ናፍቆት ያንን ሊያስረሳኝ አይገባም። ይሁን እንጂ የኳስ ፍቅር ከድሬ ወጥቷል የሚል ካለ ማታ ማታ ግሪክ ካምፕ ወይም ነምበር ዋን ይዙር። አቧራው ውስጥ በባዶ እግር የሚጫወቱት ልጆች፣ ዳር ቆሞ የሚከራከረው ሰው፣ ለሰፈር ዋንጫ የሚዋጣው ገንዘብ። እዚያ ተጫዋቹ የማን ልጅ እንደሆነ ይታወቃል።

በቅርቡ ድሬ በሜዳዋ ስትጫወት ሄጄ ነበር። ጥላ ፎቁ እንኳ አልሞላም። ፀሐይ የሚመታው በኩል ጥቂት ልጆች ከበሮ ይዘው ቡድኑን ሲያበረታቱ ነበር፣ በታማኝነት፤ ድምፃቸው ግን ባዶው ሲሚንቶ ላይ ይበተናል። በሩ ላይ «ያስገቡኝ» የሚለኝ ልጅ ፈለግሁ። አንድም አልነበረም።

ክለቡን ለምትመሩት አንድ ጥያቄ አለኝ። ቡድኑ ድሬ በሚጫወትበት ቀን ከዐሥራ አምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ በነፃ ይግባ፤ የምታጡት የበር ገንዘብ ከአንድ ተጫዋች ደመወዝ አይበልጥም። ከሳቢያን፣ ከመጋላና ከግሪክ ካምፕ ደግሞ በየዓመቱ ጥቂት ልጆች ወደ ዋናው ቡድን አሳድጉ፤ ቢሸነፉም ይሸነፉ። እናቶቻቸው ቀፊራ ሲወርዱ እኛ እንጠይቃቸዋለን።