ዶሮዎቼ ሹራብ አይለብሱም

ዛሬ ከሰዓት የወረደውን በረዶ ሽሮ ሜዳ ያላችሁ አይታችሁታል። ቦሌ ያላችሁ ደግሞ «እኛ ጋ እኮ ፀሐይ ነው» ብላችሁ አናዳችሁኛል፤ ይሁን። ቆርቆሮውን ሲወቅጠው ጎን ለጎን ተቀምጦ መነጋገር አልተቻለም፤ ግቢው በደቂቃዎች ውስጥ ነጭ ሆነ። ዶሮዎቼ ገብሴ፣ ሻሼና ስካርፕ ሰማዩ ገና ሲያጉረመርም ቤታቸው ገብተዋል። ኮሎኔል የለችም። ኮሎኔል ደግሞ መቼ የሰው ምክር ሰምታ ታውቃለች?

ከአከራዬ ጎመን መሀል ነው ያገኘኋት። አንገቷን ቀብራ፣ ጭራዋ ወርዶ፣ ዓይኗን ግማሽ ጨፍና ቆማለች። ግቢውን ስታምስ የምትውለው፣ የጎረቤትን ድመት አጥር ያዘለለችው ኮሎኔል ስትረጥብ በአንድ እጅ የምትታቀፍ ነገር ሆና ቀረች። ያ ሁሉ ግርማ ለካ አየር ኖሯል!

ስቀልድ አይደለም፣ በእርግጥም አየር ነው። ዶሮን የሚያሞቃት ከላባዋ ሥር የያዘችው አየር ነው። ሲበርዳት ላባዋን ነፍታ ድቡልቡል የምትለው ያንን አየር ለማብዛት ነው። የሰውነቷ ሙቀት 41 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ እኛ እዚያ ብንደርስ ድንገተኛ ክፍል ነው የምንገባው። ያንን ሙቀት ይዛ የምታድረው ግን ለስላሳው የውስጥ ላባዋ ደረቅ እስከሆነ ድረስ ነው። ከረጠበ ተጣብቆ ይተኛል፤ አየሩ ይወጣል፣ ሙቀቱም ተከትሎት ይሄዳል። ካፊያ ሲሆን ግድ የለም፤ በምንቃሯ ከጭራዋ ሥር ያለውን ቅባት እየወሰደች ላባዋን ስለምትቀባ ውሃው ላይ ላዩን ይወርዳል። የዛሬው ዓይነት ግን ቆዳ ድረስ ነው የሚገባው።

ስለዚህ ማድረቅ ነበረብኝ። ፎጣውን እየጫንኩ ውሃውን እንዲመጠው ማድረግ እንጂ ማሸት አይደለም፤ ከታሸ ላባው ይሰበራል። ከዚያ የፀጉር ማድረቂያዬን ዝቅ አድርጌ ለቀቅኩላት። ትንሽ እንደነፈሰ መብራት ሄደ። ስለ መብራት ዛሬ አላወራም፤ ተሳድቤ ጨርሻለሁ። ማንደጃ ለኮስኩና በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩት፤ እሷን ደግሞ ጭድ የተነሰነሰበት ካርቶን ውስጥ ከማንደጃው ራቅ አድርጌ አስቀመጥኳት። እዚህ ላይ ቀልድ የለም። በተዘጋ ቤት ውስጥ ከሰል ዶሮም ሰውም ይገድላል። የዶሮ ቤት ውስጥ ማንደጃ ላስገባ የምትሉ ካላችሁ በእናታችሁ ተዉት፤ ጭሱ ባይጨርሳቸው ጭዱ ይቀጣጠላል።

ከዚያ ፎቶዋን ለጠፍኩ፤ ከዚያ እናንተ መጣችሁ። «ሹራብ ሥሪላት እንጂ!» ሹራብ የለበሰች የፈረንጅ ዶሮ ቪዲዮ ያልላከልኝ ሰው ማን ቀረ? ታምራለች፣ አልካድኩም። ግን ሹራቡ ላባዋን ጨፍልቆ ይይዘውና መንፋት ያቅታታል፤ ያ የምታውቁት አየር አለቀ ማለት ነው። ደግሞ ክር ውሃ ይይዛል፤ የረጠበ ሹራብ ለብሶ ማደር ምን እንደሆነ አዳሪ ትምህርት ቤት የተማራችሁ ታውቁታላችሁ። ከሥሩ ቅማል ቢራባ አይታይም። የእኔ ዶሮዎች ሹራብ አይለብሱም። አንገተ መላጣዋ እንኳ አትለብስም፤ ስሟ ስካርፕ መሆኑ ይበቃታል።

ሚኒሶታ ያለኸው ወንድማችን ደግሞ «እዚህ በረዶ ላይ ሲሄዱ ይውላሉ፣ አንቺ በ10 ዲግሪ ታለቅሻለሽ» ብለሃል። ልክ ነህ፤ ጤነኛ የደረሰች ዶሮ ብርድ ትችላለች። ሻንትክሌር የምትባል የካናዳ ዶሮ እንኳ አለች፤ ኩቤክ ውስጥ ኦካ ገዳም የነበሩ አንድ መነኩሴ ናቸው አዳቅለው ያወጧት። አናቷ ላይና ከአገጯ ሥር ያለው ቀዩ ሥጋ ከእነአካቴው የለም ሊባል ትንሽ የቀረው ነው፤ ውርጭ የሚበላው እሱን ስለሆነ። መነኩሴ ሲፈልግ ምን ይሳነዋል። ግን ወንድሜ፣ የአንተ በረዶ ደረቅ ነው፤ አራግፈኸው ትገባለህ። የእኛ ሐምሌና ነሐሴ ሌላ ነው። ከሰኔ ጀምሮ የደረቀ ነገር የለም። ካልሲዬ አልደረቀም፤ ግድግዳው ያልበዋል፤ ጨው እንኳ ረጥቧል። እነሱን የሚጨርሳቸው ይሄ ነው፤ ብርዱንማ በላባቸው ይመክቱታል።

የዶሮ ቤቱን የሠራልኝ አናጢ ይህ አልገባውም ነበር። ጥሩ ሰው ነው፣ እጁም ወርቅ ነው። ከጣሪያው ሥር ክፍት እንዲተው ስነግረው ግን «እህቴ፣ ብርድ ሊገባባቸው? ዙሪያውን በላስቲክ ጥርቅም አድርጌ ልሸፍንልሽ» ብሎ ተከራከረኝ። ዶሮ ሌሊቱን ሙሉ ትተነፍሳለች፣ ኩሷም ውሃ ነው። ቤቱ ጥርቅም ካለ ያ ሁሉ እንፋሎት ወደ ላይ ይወጣና ቀዝቃዛውን ቆርቆሮ ሲነካ ውሃ ሆኖ ይመለሳል፤ ውጭ ሳይዘንብ ቤት ውስጥ ይዘንብባቸዋል። በዚያ ላይ ዓይን የሚያቃጥል፣ አፍንጫ የሚሰነፍጥ ሽታ አለ፤ በጠዋት በሩን ከፍታችሁ እሱ ከተቀበላችሁ የእነሱ ሳንባ ሌሊቱን ሲስበው አድሯል ማለት ነው። ስለዚህ ነፋስ ከሚያድሩበት ቆጥ በላይ ይግባ፣ በላይ ይውጣ፤ እነሱን በቀጥታ አይምታቸው። ቆጡ ራሱ ደግሞ ቀጭን አጣና ባይሆን ደስ ይለኛል። ጠፍጣፋ ጣውላ ከሆነ እግራቸውን ዘርግተው ቁጭ ሲሉ ጣታቸው ከሆዳቸው ላባ ሥር ይገባል፤ ከዚያ ጭንቅላታቸውን ክንፋቸው ውስጥ ከትተው ይተኛሉ። የእግር ብርድ ልብስ ከራሷ ጋር የተፈጠረላት እንስሳ ናት፤ መቀመጫ ብቻ ስጧት።

ይህን ሁሉ ልጽፍ የተቀመጥኩት ግን በአክስቴ ምክንያት ነው።

ኮሎኔልን ታቅፌ ሳለሁ ደወለች። «ምን እየሠራሽ ነው?» «ዶሮ እያደረቅኩ።» ዝም አለች። የአክስቴ ዝምታ ብዙ ብር ነው የሚያስወጣው፤ ካርዷ እስኪያልቅ ዝም ልትል ትችላለች። ከዚያ «አንቺ ልጅ፣» አለች፣ «ይህን አንጀት ለሰው ብታደርጊው እስካሁን ልጅሽን ትምህርት ቤት ትወስጂ ነበር።»

እሺ።

መጀመሪያ ሳቅኩ። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ነው የተሰማኝ። ምን ማለት ነው? አንጀት በኪሎ ነው እንዴ የሚሰጠው፣ ለዶሮ ሩብ ከሰጠሁ ለሰው የሚጎድልብኝ? ጓደኛዬ ሦስት ልጆች አሏት፤ ከልጆቿ ተርፎ ለእኔም፣ ለጎረቤቷም፣ ለማታውቀው ለማኝም አላት። ለእንስሳ የማይራራ ለሰው ሲራራ ያየ እስቲ ይንገረኝ። ያላገባሁት ዶሮ ስለማረባ ነው? ባሌ መጥቶ በር ላይ ኮሎኔልን አይቶ ተመለሰ? (ይህ እንኳ ሊሆን ይችላል፤ እሷ ሰው አታስገባም።)

ደግሞ የሚያበግነኝ ይህን የምትለው እሷ መሆኗ ነው። አክስቴ መንዝ ነው ያደገችው። መሐል ሜዳን የምታውቁ የዚያን አገር ብርድ ታውቃላችሁ፤ ሰው ባና ተከናንቦ ነው የሚውል። የአያቴ የእምዬ ቤት የድንጋይ ግድግዳ፣ የሣር ክዳን ነበር። ለዶሮ ተብሎ የተለየ ቤት የለም፤ ቆጡ እዚያው ነው፣ ከእሳቱ ማዶ። አክስቴና እናቴ መደቡ ላይ፣ ግልገሎቹ ከእግራቸው ሥር፣ ዶሮዎቹ ከራሳቸው በላይ ነው ያደሩት፤ ልጅነታቸውን በሙሉ። እኔም ለክረምት ስሄድ እዚያ ነው የተኛሁት። ሌሊት አንዷ ስትንቀሳቀስ ሌላዋ ስትቆጣት እሰማለሁ፤ ልክ እንደ ታክሲ የኋላ ወንበር፣ «ጠጋ በይ እንጂ» የሚባባሉ ይመስላሉ። እምዬ ማታ ማታ ገብስ ትበትንላቸው ነበር፤ «ሆዱ የሞላ አይበርደውም» ትላለች። ሳይንሱም እሷን ተከትሎ ነው የመጣው፦ ማታ የበሉት እህል ሌሊት ሲፈጭ ሙቀት ይሰጣል። ጠዋት የማድቤቱን አመድ ሰብስባ ከዳር ጥግ ላይ ታፈስላቸዋለች፣ ገብተው ይንከባለሉበታል። ማንም «ይህን አንጀት ለሰው ብታደርጊው» አላላትም። ሰባት ልጅ ወልዳለች፤ አንዷ አንቺ ነሽ፣ አክስቴ።

እምዬ ዶሮዎቿን ታርድ እንደነበር አውቃለሁ፤ እንዳትጽፉልኝ። ለፋሲካም ለእንግዳም ታርዳለች። እኔ አላርድም፣ እሷ ታርዳለች፤ ሌሊት ግን ረጥበው አላደሩም።

ምን እያልኩ ነበር? አዎ፣ አመድ። ይህን የማታውቁ ብዙ ናችሁ። ዶሮ ገላዋን የምትታጠበው በአፈር ነው፤ ቅማልና ቁንጫዋን የምታራግፈው በእሱ ነው። ክረምት ላይ ደረቅ አፈር ከየት ይመጣል? እኔ በግንቦት ነው ጆንያ ሙሉ አፈር አስገብቼ ያስቀመጥኩት። አከራዬ አይተው «አፈር ልትሸጪ ነው?» አሉኝ። አሁን ሰፊ ሳፋ ውስጥ ከአመድ ጋር ደባልቄ ከበረንዳው ጣሪያ ሥር አድርጌላቸዋለሁ፤ በተራ ነው የሚገቡት፤ ኮሎኔል በቅድሚያ፣ እንደ ማዕረጓ።

ሰጋቱራ ወይስ ጭድ ለምትሉኝ፦ የጤፍ ጭድ ዘንድሮ ዋጋው ሰማይ ነው። ሰጋቱራ ጣውላ ቤት በጆንያ ይሰጧችኋል፤ ደረቁን ምረጡ። የረጠበውን በየጊዜው አውጥታችሁ ደረቁን ጨምሩበት። እርጥብ ምንጣፍ ላይ የሚራባው ደም የሚያስቀምጠው በሽታ ነው፤ በተለይ ጫጩት ላይ አይምርም። በዶሮ ቤቱ ዙሪያ ቦይ ቆፍሩ። በቆሎው ከሻገተ አትስጡ። የፈንግል ክትባት አስከትቡ፤ እዚሁ ቢሾፍቱ፣ ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ነው የሚመረተው፤ ከውጭ እስኪመጣ የሚባል ሰበብ የለም። ጫጩት ያላችሁ ደግሞ ይህ ሁሉ ምክር ለእናንተ አይደለም፤ ጫጩት ላባ የላትም፣ በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ትፈልጋለች። መብራት ከሌለ ዙሪያውን ጭድ የተጠቀጠቀ ሣጥን ሥሩላቸው፤ የራሳቸውን ሙቀት ይዘው ያድራሉ።

ኮሎኔል ደርቃለች። ካርቶኑን ገልብጣ ወጥታ ማድቤቴ ውስጥ ሽሮዬ ላይ ቆማለች። እንቁላል ደግሞ ተከማችቶብኛል፤ ፍልሰታ ነው፣ ግቢው በሙሉ ጾመኛ ነው፣ እነሱ ግን ጾም አያውቁም። ሳላጥብ ነው የማስቀምጠው፤ ከታጠበ ላዩ ላይ ያለው መከላከያ ይሄዳልና ቶሎ ይበላሻል። ነሐሴ 16 ጾሙ ሲፈታ የፈለገ መጥቶ ይውሰድ። አክስቴም ትምጣ። ለእሷ ትልልቁን መርጫለሁ፤ አንጀቴ ለሰውም እንደሚተርፍ ትቁጠረው።

«ኮሎኔልን ለእንቁጣጣሽ በስንት?» ብላችሁ በውስጥ መስመር የጻፋችሁ አላችሁ። ስማችሁን ይዣለሁ።