የተቆረጠው ሞላ

አንባቢዎች ሆይ፣ አትሳቁብኝ። ታላቅ ወንድሜ ቶዮታ ቪትዙን ዝቅ ማድረግ አማረው። አጭር ሞላ መግዛቱ ስለከበደው የነበረውን ሊያስቆርጥ ነው። «አንተ ፊዚክስ ተምረህ የለም? ምን ትላለህ?» ቢለኝ፣ «እንዲያውም ይለሰልሳል» አልኩት። የሁክን ሕግ ለፈተና ሸምድጄ ነበራ!

ከየሞላው 6 ዙር አንዱ ተቆረጠ። እናታችንን ከደብረ ማርቆስ የጁቤ ስናደርስ መኪናዋ በየጉድጓዱ ሆዷን ትመታለች። እናታችን ወገቧን ይዛ «ኧረ አውርዱኝ፣ በእግሬ ልሂድ!» አለች። ለካ ሞላ ዙሩ ሲቀነስ ይጠነክራል እንጂ አይለሰልስም፤ 6 ዙር 5 ሲሆን ጥንካሬው በ20 በመቶ ይጨምራል። መኪናዋም ዝቅ በማለቷ ሞላው የሚታመቅበት ቦታ አንሷል። አሞርዛተሩ ሳይቀር ዘይት ማፍሰስ ጀመረ።

ያገለገለ ሞላ ተገዛ፤ ግማሹን ከኪስ ገንዘቤ እየከፈልኩ ነው። ምክሩ የማን እንደነበረ ግን እናታችን እስካሁን አልሰማችም።