ብርድ ያልነው አለርጂ ሲሆን



«ዶክተር፣ ልጄን ብርድ አልለቀው አለ።» ይህን ሳልሰማ የምውልበት ቀን ጥቂት ነው። እኔም እጠይቃለሁ። ትኩሳት አለው? የለውም። ንፍጡስ? እንደ ውሃ ቀጭን። ዓይኑንና አፍንጫውን ያሻል? በጣም። መቼ ይብስበታል? ጠዋት፣ ከአልጋ ሲነሳ።

እንዲህ ሲሆን ብዙ ጊዜ አለርጂ ነው። «ብርድ ነው» ብለን ግን መስኮት እንዘጋለን፣ ብርድ ልብስ እንደርባለን። አለርጂ የሚያስነሱት ነገሮች ደግሞ የሚመቻቸው ይኸው ነው።

ከየት ይመጣሉ?

1. ፍራሽና ትራስ፦ በዓይን የማይታዩ የአቧራ ነፍሳት ይኖሩባቸዋል። ምግባቸው ከሰውነታችን የሚረግፈው ቆዳ ነው። አይነክሱም፤ አለርጂ የሚያስነሳው በዋናነት ኩሳቸው ነው። አንዲት እናት ይህን ስነግራት «ቤቴ እኮ ንጹሕ ነው» ብላ ቅር አላት። እውነቷን ነው፤ ንጹሕ አልጋ ውስጥም ይኖራሉ። ሙቀትና እርጥበት ያራባቸዋል።

2. በረሮ፦ ምራቁ፣ ኩሱና የደረቀ አካሉ ከአቧራ ጋር ይቀላቀላል።

3. ሻጋታ፦ እርጥበት ባለው ግድግዳ፣ በሻወር ቤትና ከቁም ሳጥን ጀርባ፣ በተለይ በክረምት።

4. ድመትና ውሻ፦ ዋናው ችግር ፀጉራቸው ሳይሆን ምራቃቸውና የሚረግፈው ቆዳቸው ነው። ድመቷ ከቤት ከወጣች በኋላም ለወራት ሊቆይ ይችላል።

የእጣንና የከሰል ጭስ ደግሞ አለርጂ ባይሆንም የተቆጣውን የአየር ቧንቧ ያብስበታል። ቡና ሲፈላ ልጁን ከጭሱ አርቁት።

ምን እናድርግ?

አንሶላና የትራስ ልብስ በየሳምንቱ በሙቅ ውሃ እጠቡ፤ 60 ዲግሪ ቢደርስ ነፍሳቱን ይገድላል። ፍራሹን ፀሐይ ላይ አውጡ። ቀን ቀን መስኮት ክፈቱ። ወለሉን በደረቁ ከመጥረግ በእርጥብ ጨርቅ ወልውሉ። ምግብ ክዳን ይኑረው፤ የበረሮ መድኃኒት ልጁ ባለበት አትርጩ።

አንቲባዮቲክ አለርጂን አያድንም፤ ከፋርማሲ ገዝታችሁ አትስጡ። ሌሊት የሚያስለው፣ ሲሮጥ ደረቱ የሚያፏጭ ልጅ አስም ሊኖረው ስለሚችል ይመርመር። የጎን አጥንቱ ወደ ውስጥ እየገባ የሚተነፍስ፣ መናገር ወይም መጥባት ያቃተው፣ ከንፈሩ የጠቆረ ልጅ ካያችሁ ግን ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።

ልጆቻችሁን ጤና ያድርግልን!