አረንጓዴዋ ነጥብ

በዚህ ዕትም ይዣችሁ የምጓዘው ወደ ደቡብ ጎንደር ነው። ጉዞውን የምንጀምረው ግን ከአውቶቡስ መናኸሪያ ሳይሆን ከእጅ ስልካችሁ ነው። እስቲ የሳተላይት ካርታ የሚያሳየውን ፕሮግራም ክፈቱና ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ ደብረ ታቦርን ፈልጉ። ከከተማው ወጣ በሉና ቀረብ አድርጋችሁ ተመልከቱ። መጀመሪያ የምታዩት እንደ ተጣፈ ልብስ የተቆራረጠ ቡናማና ቢጫ ማሳ ነው። ትንሽ ቆይታችሁ ደግሞ በማሳው መካከል እዚህም እዚያም የተንጠባጠቡ ጥቁር አረንጓዴ ነጥቦች ታያላችሁ። አንዷን ነጥብ አጉሏት። መሐል ላይ ፀሐይ የመታው ክብ የቆርቆሮ ጣሪያ ያብረቀርቃል።

እነዚህ ነጥቦች የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ደኖች ናቸው። ተመራማሪዎች የሳተላይት ፎቶግራፍ እያዩ በደቡብ ጎንደር ብቻ ከ1,000 የሚበልጡ ቆጥረዋል። በአማካይ በሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ይራራቃሉ፤ አብዛኞቹም ስፋታቸው ጥቂት ሄክታር ብቻ ነው። በዚያ አገር ከቀረው የሀገር በቀል ደን ብዙው ያለው በእነርሱ ውስጥ ነው።

ከእናንተ መካከል «ይህ በእኛ መጽሔት ላይ ምን ያደርጋል?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። በትምህርት የምንለያይበት ነገር እንዳለ አልሸሽግም። ዛሬ የማወጋችሁ ግን ስለ ዛፍ ነው፤ ስለ ባለቤቴ እናትም ጭምር።

እኔና ባለቤቴ በ2003 ዓ.ም. ስንጋባ እማማ በሠርጋችን አልተገኙም። «ልጄን ጴንጤ ወሰደብኝ» ብለው አዝነው ነበር። እኛም በየበዓሉ ገንዘብ እየላክን፣ በስልክም «ደኅና ነዎት?» እያልን ስምንት ዓመት ሞላን። በእውነት ለመናገር እንጸልይላቸው ነበር እንጂ ሄደን አናያቸውም ነበር። በጥር 2011 ዓ.ም. ግን ባለቤቴ ለሥራ ባሕር ዳር የሚሄድበት አጋጣሚ ተገኘና «አብረን እንሂድ፣ ከዚያ እናቴ ጋ እንለፍ» አለኝ። ሥራው የካርታ ሥራ ነው። የሳተላይት ፎቶግራፍ በኮምፒውተር እየተነተነ የቱ ደን፣ የቱ ማሳ፣ የቱ ውኃ እንደ ሆነ በቀለም ይለያል።

ከባሕር ዳር ወደ ሰሜን ተጉዛችሁ ወረታ ስትደርሱ የፎገራ ሜዳ ይቀበላችኋል፤ የሩዝ አገር ነው። ከወረታ ወደ ቀኝ ተገንጥላችሁ ሽቅብ መውጣት ትጀምራላችሁ። ብርዱ ይጨምራል፤ ከሩቅ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጉና ተራራ ይታያል። ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት አለ። የስዊሱ ክሪሾና ተቋም የላካቸው ወንጌላውያን የእጅ ባለሙያዎች ለአፄ ቴዎድሮስ መድፍ የሠሩበት ቦታ ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ሊያሰራጩ የመጡ ሰዎች መድፍ አቅላጭ ሆነው መቅረታቸው ሁልጊዜ ይደንቀኛል። ይህ ግን ራሱን የቻለ ሌላ ታሪክ ነው፤ እንለፈው።

እማማ በር ላይ ቆመው ጠበቁን። ልጃቸውን አቅፈው አለቀሱ፤ እኔን ጉንጬን ሳሙኝና ዝም አሉ። ቡና ተፈላ። ሦስተኛው ሲደርስ የምናወራው አልቆ ነበር። ባለቤቴ ዝምታው ሲጨንቀው ታብሌቱን አውጥቶ ያን መንደር ከሰማይ አሳያቸው። እማማ መነጽራቸውን ፈልገው አደረጉና ለረጅም ጊዜ ካዩት በኋላ ጣታቸውን አንዷ ነጥብ ላይ አሳረፉ። «ይህቺ የእኛዋ ናት። አባትህ እዚህ ጋ ነው ያረፈው» አሉት።

ከዚያ በኋላ ማን ያቁማቸው! ምንጩ የቱ ጋ እንዳለ፣ በየትኛው በር ሴቶች እንደሚገቡ፣ የትኛው ወይራ መብረቅ እንደ መታው ነገሩን። ባለቤቴ በአረንጓዴ የቀባውን ካርታ ሲያሳያቸው ግን ሳቁ። «ይህ ደን አይደለም እኮ። በዚህ ጎን ያለው ባሕር ዛፍ ነው፤ የዛሬ አሥር ዓመት ነው የተተከለው።» ባለቤቴ ደነገጠ። ኮምፒውተሩ ሁሉንም «ደን» ብሎት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሕያው ቅጠል ቀዩን ብርሃን ለምግቡ ይወስዳል፤ የእኛ ዓይን የማያየውን ሌላ ዓይነት ብርሃን ግን ወደ ሰማይ መልሶ ይረጨዋል። ሳተላይቱ ሁለቱንም ይለካል፤ በልዩነታቸውም ልምላሜ ይታወቃል። አሜሪካኖች ላንድሳት የተባለውን የመጀመሪያ ሳተላይት ያመጠቁት እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። ፎቶግራፎቹ ከ2008 ጀምሮ ለማንም በነፃ ተከፍተዋል። የአውሮፓውያኑ ሴንቲኔል ሁለት ደግሞ ከ2015 ወዲህ ምድርን እያንዳንዳቸው አሥር ሜትር በአሥር ሜትር በሆኑ ካሬዎች ከፋፍሎ ያነሳል። ለደን ሥራ ጥሩው ወቅት ጥርና የካቲት ነው፤ አዝመራው ተሰብስቦ አገሩ ሁሉ ሲደርቅ ለምለም ሆኖ የሚቀረው ዛፍ ብቻ ነውና። ሆኖም ባሕር ዛፍም ለምለም ነው! ዝግባንና ባሕር ዛፍን በትክክል ለመለየት ሰው በእግሩ ሄዶ፣ ቦታውን በጂፒኤስ መዝግቦ፣ ዛፉን በስሙ መጥራት አለበት። ባለቤቴ ይህን በትምህርት ቤት ያውቀዋል። በተግባር ያረመው ግን ፊደል ያልቆጠሩት እናቱ ናቸው።

በማግስቱ ማለዳ እማማ ነጠላቸውን አጣፍተው «ተነሡ፣ ላሳያችሁ» አሉን። እኔ ትንሽ አመነታሁ። እርሳቸውም ገባቸውና «ቅዳሴ አይደለም ልጄ፣ ዛፍ ነው» አሉኝ።

ውድ አንባቢዬ፣ ከተራቆተ ማሳ ወጥታችሁ ወደዚያ ደን ስትገቡ የሚሰማችሁን እንዴት ልግለጽላችሁ? አየሩ ወዲያው ይቀዘቅዛል። አፈሩ እንደ ፍራሽ ይረግባል። ጽድ፣ ወይራ፣ ዝግባ፣ ጥቁር እንጨት፣ ብሳና አለ፤ በጠርዙ ላይ ቀጋና አጋም ተጠላልፏል። የወፉ ድምፅ የሰውን ንግግር ያስረሳል። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ፣ ብዙዎቻችሁ በ«እመጓ» መጽሐፋቸው የምታውቋቸው፣ በሙያቸው የደን ተመራማሪ ናቸው። በደቡብ ጎንደር በ28 አብያተ ክርስቲያናት ደን ውስጥ ባደረጉት ጥናት 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሐረግ መዝግበዋል። «ዛፍ የሌለው ቤተ ክርስቲያን ራቁቱን እንደ ቆመ ሰው ነው» አሉን እማማ፤ የአካባቢው ሁሉ አባባል ይመስለኛል።

ተመራማሪዎች ጣሊያኖች እ.ኤ.አ. በ1938 ከአውሮፕላን ያነሷቸውን ፎቶግራፎች ከዛሬዎቹ የሳተላይት ምስሎች ጋር ጎን ለጎን አስቀምጠው አነጻጽረዋል። እኔ ሁሉም ደን በዚህ መካከል የተጨፈጨፈ ይመስለኝ ነበር። ነገር ግን ሦስት መንግሥት ሲለዋወጥ፣ ድርቅም ጦርነትም ሲፈራረቅ ብዙዎቹ ነጥቦች በቦታቸው ናቸው። የጠፋው በዙሪያቸው የነበረው ቁጥቋጦ ነው። ዛሬ ማረሻው እስከ ደኑ ጥግ ይደርሳል።

እኛም ከሰማይ ያየነው ይህንኑ ነበር፤ ደኑ አለ፣ ለምለም ነው፣ ስፋቱም ብዙ አልቀነሰም። እማማ ግን መሐል ላይ ቆም አሉና በከዘራቸው መሬቱን ነኩ። «አሁን እስቲ ልጆቻቸውን አሳዩኝ» አሉ። አልገባንም። «የዛፎቹን ልጆች ነዋ!» አጎንብሰን ፈለግን። ከትልልቆቹ ዝግባዎች ሥር በጉልበት ቁመት እንኳ የደረሰ አንድም የዝግባ ችግኝ አላገኘንም። የላምና የፍየል ኮቴ ግን በየቦታው ነበር። አሮጌዎቹ ቆመዋል፤ ተተኪ የለም።

ባለቤቴ ዝም ብሎ ቆየና «ይህን ሳተላይት አያየውም» አለ። እውነቱን ነው። ሳተላይት የሚያየው የደኑን ጣሪያ ነው። ጣሪያው ለምለም እስከ ሆነ ድረስ ከሥር ያለው ባዶነት ለሃምሳ ዓመት ሊደበቅ ይችላል። እኔ በዚያች ቅጽበት ያሰብኩትን ልንገራችሁ? እሑድ እሑድ ጢም ብሎ የሚሞላውንና ልጆቹ የት እንዳሉ ማንም የማይጠይቀውን አዳራሻችንን አሰብኩ። የእኔን የራሴን ቤትም አሰብኩ። የአምስት ዓመት ሴት ልጄ ለዚህ ሁሉ ዘመን አያቷን አይታ አታውቅም ነበር።

መፍትሔው የሚያስገርም ቀላል ነው፤ አጥር። ዶክተር ዓለማየሁና ደኖቹን መጀመሪያ በሳተላይት ምስል ያዩት አሜሪካዊቷ የደን ተመራማሪ ማርጋሬት ሎውማን ከካህናቱና ከምእመናኑ ጋር ሆነው በደብረ ታቦር አካባቢ ባሉ አብያተ ክርስቲያናት የድንጋይ ካብ አሠርተዋል። ገበሬው ድንጋዩን ከማሳው ለቅሞ ያመጣል፤ ማሳው ይጸዳለታል፣ ከብት ከደኑ ይቀራል። ከብት በማይደርስበት ቦታ ችግኝ የተሻለ እንደሚያድግ በጥናት ታይቷል። የእማማ መንደር ግን እኛ በሄድንበት ጊዜ አጥር አልነበራትም።

አዲስ አበባ ከተመለስን በኋላ አንድ ማታ ባለቤቴ የራሳችንን አጥቢያ ከሰማይ ፈለገው። ሰፊ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ሲሚንቶ የተነጠፈ ግቢ፣ መኪኖች። ከጥግ አንድ ዛፍ። ሁለት ነበሩ፤ አንዱ ለመኪና ማቆሚያ ሲባል የተቆረጠ ጊዜ እኔም በስብሰባው ላይ ነበርኩ፤ እጄንም አውጥቻለሁ። በእርግጥ ራሳችንን ብቻ መውቀስ ተገቢ አይደለም። በደርግ ዘመን በየቤቱ ተደብቀን ስናመልክ የኖርን ነን፤ በኋላም በድንኳንና በኪራይ አዳራሽ ዞረናል፤ ዛፍ የምንተክልበት መሬት ከየት ይመጣል? ይሁንና ዛሬ ግቢ ያላቸው አጥቢያዎች ብዙ ናቸው። አብርሃም በቤርሳቤህ ዛፍ እንደ ተከለና በዚያም የጌታን ስም እንደ ጠራ በዘፍጥረት 21 ላይ እናነባለን። ዘዳግም 20 ደግሞ ከተማ ከብቦ የሚዋጋ ሠራዊት እንኳ የፍሬውን ዛፍ በመጥረቢያ እንዳይጨርስ ያዝዛል። እኛ ማንንም ሳንከብ ነው የቆረጥነው።

ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ጦርነት ምክንያት ወደ እማማ መሄድ አልቻልንም። ስልክ የጠፋባቸው ሳምንታት ነበሩ። በዚያ ጊዜ ባለቤቴ ማታ ማታ ኮምፒውተሩን ከፍቶ ያችን ነጥብ ይፈልጋል። ሴንቲኔል በየአምስት ቀኑ ገደማ ያልፋል፤ በክረምት ግን ደመናው ይጋርደውና ለሳምንታት ነጭ ብቻ ነው የሚታየው። ሰማዩ ሲከፈት ይጠራኛል። የእማማን ቤት መለየት አይቻልም፤ ከአንዷ ካሬ አትበልጥም። ደኑ ግን ይታያል። «አለ» ይለኛል። በዚያ ላይ ተመሥርተን ስለ እናቱ ምንም ማወቅ አንችልም፤ ሆኖም እጅ ለእጅ ተያይዘን የምንጸልየው ከዚያ በኋላ ነው።

በ2016 ዓ.ም. ክረምት የአጥቢያችን ሽማግሌዎች ከመጸዳጃው በስተ ጀርባ አራት ሜትር የምትሆን ጥግ ፈቀዱልን። ከችግኝ ጣቢያ ሁለት ዝግባ ገዝተን ከልጃችን ጋር ተከልን። ጥቅምት ላይ ስልክ ሲሠራ እማማ መጀመሪያ ያናገሩት እርሷን ነው፤ ስለ ዝግባዎቹም የነገረቻቸው እርሷ ነች። ከዚያ እኔን አቅርቡልኝ አሉ።

«ጸደቀ ወይ ልጄ?»

አንዱ እንደ ጸደቀ፣ ሌላውን ግን የጎረቤት ፍየል ገብታ እንደ በላችው ነገርኳቸው።

«ሳታጥሩ ተከላችሁ?» አሉና በስልኩ ውስጥ ከልባቸው ሳቁ።