የቅሬው ትከሻ

በልጅነታችን በሰሜን ወሎ፣ በሙጃ ዙሪያ ሰው ሲታመም ቀድሞ የሚደርሰው ጎረቤት ነበር። ከጉብታው ላይ «የሰው ያለህ!» የሚል ድምፅ ሲሰማ የሚያርሰው ሞፈሩን፣ የሚወቃው መንሹን ጥሎ ይመጣል። ሁለት የባሕር ዛፍ አጣና መሀሉ በጠፍር ይጠላለፍና ባና ይነጠፍበታል፤ ቃሬዛው ያ ነው። አራቱ ተሸካሚዎች ሲደክሙ ሌሎች አራት ይተካሉ። ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍ የሚለው አቡነ ዮሴፍ ተራራ አጠገብ፣ በክረምት ጭቃና በዚያ ቁር፣ አቀበቱን በሩጫ ይወጡታል። ተሸካሚ ዋጋ አይጠይቅም፤ የቀረ ግን በቅሬው፣ በመንደሩ መረዳጃ ማኅበር፣ ዳኛ ፊት ይጠየቃል።

ይበልጥ የሚናፍቀኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። የታማሚው ማሳ ጦሙን አያድርም፤ በጅጊ ይታረሳል። ከብቱን የጎረቤት ልጅ ያግድለታል። እናቴ ታናሼን የወለደች ሰሞን ቤታችን ከሴት ተለይቶ አያውቅም፤ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያሉ ይገባሉ፤ አንዷ ገንፎ ታገነፋለች፣ አንዷ ውኃ ትቀዳለች፣ ሌላዋ እኛን ልጆቹን ወስዳ ታሳድራለች። የሞተበት ቤትም እዝኑ ከየደጁ ይመጣለታል፤ ሐዘንተኛ ብቻውን አያድርም ነበር።

በቃሬዛ ላይ እያሉ መንገድ የቀሩ ወላዶች ነበሩ፤ እነሱን መርሳት አይገባም። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን፣ ኋላም አምቡላንሱ፣ ብዙ እናት አትርፏል፤ እሰየው! በ2003 ዓ.ም. ከወሎ በተሁለደሬ የተሞከረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅንም ከቅሬው አሳብ የራቀ አይደለም፤ ጤነኛው ለታመመው ያዋጣል። መዋጮው የሚሸፍነው ግን ሕክምናውን ነው፤ ማሳ አያርስም፣ ከአራስ ጋር አያድርም።

ያን የጎረቤት እንክብካቤ እያሰብሁ አዲስ አበባ ውስጥ ስቲምና ማሳጅ በሰዓት ተከፍሎባቸው «ጤንነት» ተብለው ሲሸጡ ሳይ ልቤ ይከፋል። ገንዘብ ያለው ይታሻል፤ የሌለው በተከራያት አንዲት ክፍል ብቻውን ያቃስታል፣ የጎረቤቱን ስም እንኳ ሳያውቅ።

በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ሰሜን ወሎ ገብቶ ጤና ተቋማት ሲዘረፉ፣ አምቡላንስ በሌለበት ሁሉ መተማመኛው ያው ትከሻ ነበር። ያም ትከሻ እየሳሳ ነው፤ ወጣቱ ግማሹ ከተማ፣ ግማሹ ዓረብ አገር ሄዷል። የቅሬው ዳኞች አርጅተዋል። የጤና ኬላ ሠራተኞች ዛሬ ጠርተው ቢጠይቋቸው የማን ማሳ በማን እንደሚታረስ፣ ማን ከማን ጋር እንደሚያድር፣ ለየትኛው አቀበት ስንት ሰው እንደሚያስፈልግ አሁንም በቃላቸው ይነግሯቸዋል።